ቢላው ነው ያዳነው ወይስ ዕድሉ? ስለ ጭንቅላት ኦፕራሲዮን ጥናቶች ጥያቄና መልስ

ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ስለሚደረግ ኦፕራሲዮን ብዙ ጠይቃችኋል። ዛሬ ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቃችሁትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ካርድ አገላብጦ የተከፈቱትንና ያልተከፈቱትን ማወዳደር አይበቃም?

አይበቃም። ማን ኦፕራሲዮን ይደረግ የሚለውን የመረጠው ሐኪሙ ነዋ። ቀላል ጉዳት ያለበት አይከፈትም። ተስፋ የተቆረጠበትም አይከፈትም። ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው አይመሳሰሉም።

ታዲያ በሰው ሕይወት ዕጣ ይጣል?

ሲሉት ያስደነግጣል። ግን ዕጣ የሚጣለው የቱ እንደሚሻል ሐኪሞቹ ራሳቸው እርግጠኛ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። በ2023 የታተመውን ሬስኪው ኤኤስዲኤች የተባለ ጥናት እዩት። ከአንጎል ሽፋን ሥር የፈሰሰው ደም ከተጠረገ በኋላ፣ የተነሳው የራስ ቅል አጥንት ወዲያው ይመለስ ወይስ ይቆይ? ዕጣው የወጣው እዚያው፣ በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ደሙ ከወጣ በኋላ ነው። አንጎሉ አብጦ አጥንቱ አልገባ ያለው ከዕጣው ውጭ ሆነ። እሱማ ምርጫ የለውም።

450 ሰዎች ዕጣ ደረሳቸው። ከዓመት በኋላ በማገገም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና የተከፈቱት ግን አጥንቱ ከተመለሰላቸው 14.6 በመቶ፣ ካልተመለሰላቸው 6.9 በመቶ ነበሩ። የቁስል ችግር ደግሞ በተቃራኒው፦ 3.9 እና 12.2 በመቶ።

ከሞት መትረፉ አይበቃም እንዴ?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በ2016 የወጣው ሬስኪው አይሲፒ፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ያለባቸውን 408 ሰዎች ይዞ ነበር። በስድስት ወር፣ እንዲከፈቱ ከተመደቡት 26.9 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ እንዲታከሙ ከተመደቡት 48.9 በመቶ ሞቱ። ግልጽ ድል ይመስላል። ነገር ግን እንዲከፈቱ ከተመደቡት ዓይናቸው ተገልጦ አካባቢያቸውን የማያውቁት 8.5 በመቶ ሆኑ፤ በሌላው ወገን 2.1 ብቻ። ለዚህ ነው ስምንት ደረጃ ያለው፣ ሰው ምን ያህል እንዳገገመ የሚለካው የግላስጎው መለኪያ የሚሠራበት። ቤት ብቻውን መዋል ይችላል? ገበያ ሄዶ ይመጣል? እያለ ይጠይቃል።

በመድኃኒት እንዲቆይ ዕጣ የወጣለት ቢብስበትስ?

ይከፈታል። በዚሁ ጥናት 37.2 በመቶው እንዲያ ሆነ። ሲቆጠሩ ግን ዕጣቸው በጣላቸው ወገን ነው። አለዚያ ዕጣው ከንቱ ይቀራል።

ራሱን የሳተ ሰው እንዴት ይስማማል?

ቤተሰብ ይጠየቃል። አንዳንድ አገሮች ሕጉ ፈቃዱን በኋላ መጠየቅ ይፈቅዳል።

ዕጣ መጣል ካልተቻለስ?

የሆስፒታሎች ልማድ እንደ ዕጣ ይወሰዳል። አምቡላንስ ወደ ቅርቡ ነው የሚሮጠው፤ በሽተኛው የትኛው ሆስፒታል እንደሚደርስ በዕድል ነው ማለት ነው። ሴንተር ቲቢአይ የተባለው ጥናት ሆስፒታሎችን ሲያነጻጽር፣ ከአንጎል ሽፋን ሥር ደም ከፈሰሰባቸው በሽተኞች ቶሎ የተከፈቱት፣ እንደ ሆስፒታሉ ከ5.6 እስከ 51.5 በመቶ ተለያዩ። ቶሎ መክፈት የሚወዱት ዘንድ የደረሱ በሽተኞች የተሻለ ሆነው አልተገኙም። ድክመቱ፣ ሆስፒታሎቹ የሚለያዩት በዚህ ብቻ አለመሆኑ ነው።