ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ለሚፈርሰው ጽሑፍሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 90 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በዎርድ ጽፈሽ ጨርሰሻል። በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ልክ ነበር። ለማሳተም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ግን ርዕሶቹ ገጽ ግርጌ ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል፣ ማውጫው ከገጹ ቁጥር ጋር አይገጥምም፣ መሃል መሃል ላይም ባዶ ገጽ ገብቷል። «ቫይረስ ይሆን?» ብለሻል። ቫይረስ አይደለም። ብዙ ዓመት በትየባ ሥራ ላይ ስቆይ እንዲህ ያለ ፋይል ስንቱን አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ክፍት ቦታው የተሞላው በስፔስና በኢንተር ነው።

አሁኑኑ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ፋይሉን ክፈቺና ኮንትሮል፣ ሽፍት እና 8ን አንድ ላይ ተጫኚ። ተደብቀው የነበሩ ምልክቶች ይወጣሉ። ስፔስ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ታብ ቀስት ነው፣ ኢንተር በመታሽበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ፊቱን ያዞረ የፈረንጅ ፒ የሚመስል ምልክት ይቆማል። ከርዕሱ በፊት 25 ነጥብ ተደርድሮ፣ ከምዕራፍ ሁለት በላይ 14 የኢንተር ምልክት ቁልቁል ተሰልፎ ካየሽ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ያ ኮምፒውተር አንቺ የተጠቀምሽበት ፎንት ከሌለው ዎርድ ሳይጠይቅሽ ሌላ ይተካል። የተተካው ፎንት ፊደሉ ትንሽ ሰፋ ካለ አንድ መስመር ላይ የሚገባው ቃል ይቀንሳል፤ አንቀጹ አንድ መስመር ይጨምራል፤ 14ቱ ኢንተሮችም ምዕራፉን ከገጹ አናት ገፍተው ወደ መሃል ያወርዱታል። የወረቀቱ መጠንም እንዲሁ ያደርጋል። ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌተር የሚባለው ግን 216 በ279 ነው። ቁመቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ከእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ሦስት መስመር ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ 90 ገጽ ላይ ሲደመር አስቢው።

ልማዱ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ነው። እኔም ትየባ የተማርኩት በመኪና ነበር። ርዕስ መሃል ላይ ለማድረግ ፊደሎቹን እንቆጥራለን፣ ለሁለት እናካፍላለን፣ ከመሃሉ ያንን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን እንመታለን። እዚያ ላይ ልክ ነበር፤ ስፔሱም ፊደሉም እኩል ቦታ ይይዛሉ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ ያረፈም አይነቃነቅም። ኮምፒውተር ላይ ያለ ጽሑፍ ግን እስኪታተም ድረስ ይንቀሳቀሳል። ይህን የተማርኩት ስታይል የሚባለውን፣ ማለትም በስም የተቀመጠ የአንቀጽ መልክን፣ ሳላውቅ 160 ገጽ በስፔስና በኢንተር አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በማግስቱ ሊታተም፣ ባለቤቱ ገጽ 9 ላይ አንድ አንቀጽ እንዲወጣ ጠየቀኝ። አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች በሙሉ ተንሸራተቱ። እስኪነጋ ድረስ ኢንተር ስቀንስና ስጨምር አደርኩ፤ ያንን ሌሊት አልረሳውም።

መፍትሔው ስታይል ነው። ርዕስን ማጥቆርና ማተለቅ ለዓይን ብቻ ነው፤ ዎርድ ያንን የሚያየው እንደ ማንኛውም አንቀጽ ነው። «ይህ የምዕራፍ ርዕስ ነው» ብለሽ ልትነግሪው ይገባል። ጠቋሚውን ርዕሱ ላይ አድርጊና ኮንትሮል፣ ኦልት እና 1ን ተጫኚ፤ «ሄዲንግ 1» ይሆናል። ለንዑስ ርዕስ 2፣ ከዚያ በታች ላለው 3። መልኩ ካላማረሽ በእጅሽ አትቀይሪው። ላይ ከተደረደሩት ስታይሎች «ሄዲንግ 1»ን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ «ሞዲፋይ» በዪ፤ እዚያ የምትለውጪው ፎንት፣ መጠን፣ ክፍተት ሁሉ በ90ው ገጽ ያሉትን የምዕራፍ ርዕሶች በአንድ ጊዜ ይለውጣል። በዚያው መስኮት «ፎርማት» ከዚያም «ፓራግራፍ» ውስጥ ሦስት ነገር አስተካክዪ። ከርዕሱ በላይና በታች የምትፈልጊውን ክፍተት በ«ቢፎር» እና በ«አፍተር» ስጪ። «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚለውን ምረጪ፤ ርዕሱ ከሚከተለው አንቀጽ ሳይለይ አብሮት እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ግርጌ ላይ ብቻቸውን የቀሩት ርዕሶችሽ ያጡት እሱን ነው። ለምዕራፍ ርዕስ ደግሞ «ፔጅ ብሬክ ቢፎር»ን ጨምሪ፤ ምዕራፉ ምንም ቢመጣ ከአዲስ ገጽ ይጀምራል፣ 14 ኢንተርም አያስፈልግም።

ርዕሶቹ እንዲህ ከተያዙ ማውጫውን አንቺ አትጽፊውም። «ሪፈረንስስ» ውስጥ «ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ» ስትዪ ራሱ ይሠራዋል። ግን ልብ በዪ፣ ገጽ ሲለዋወጥ ማውጫው በራሱ አይታደስም፤ ማውጫው ላይ ክሊክ አድርገሽ ኤፍ 9ን መጫን አለብሽ። ከማሳተም በፊት የመጨረሻው ሥራ ይህ ይሁን።

የተጻፈውን ለማጽዳት መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ቅጂ። ከዚያ ኮንትሮል እና ኤች ተጫኚ፤ «ሞር» ከዚያም «ስፔሻል» ብለሽ «ፓራግራፍ ማርክ»ን በመፈለጊያው ሳጥን ሁለት ጊዜ፣ በመተኪያው አንድ ጊዜ አስገቢ። «ሪፕሌስ ኦል»ን መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሚው። ለሁለት ስፔስም እንዲሁ፣ በአንድ እየተካሽ። የሽፋን ገጹ በዚህ መሰባሰቡ አይቀርም፤ አትደንግጪ፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው አስተካክዪው። በአንቀጾች መካከል የነበረው ክፍተት እንዳይጠፋ «ኖርማል» የሚለውን ስታይል ከታች 8 ፖይንት ስጪው። የአንቀጽ መጀመሪያን ገባ ለማድረግም ስፔስ ሳይሆን እዚያው ያለውን «ፈርስት ላይን» ተጠቀሚ።

ስትሰርዢ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ዎርድ የአንቀጹን መልክ የሚያስቀምጠው መጨረሻው ላይ ባለው የኢንተር ምልክት ውስጥ ነው። ምልክቱን ብቻ ካጠፋሽው ሁለቱ አንቀጾች ይዋሃዳሉ፣ የአንዱም መልክ ይጠፋል። ብዙ ሰው «በራሱ ተቀየረብኝ» የሚለው ይህን ነው።

በእኛ ፊደል ለሚጻፍ ጽሑፍ የሚጨመር አለ። አራት ነጥብን ሁለት የፈረንጅ ኮለን አስጠግቶ መጻፍ በጣም የተለመደ ነው፤ እባክሽ አታድርጊው። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ፎንት ሲቀየር ይራራቃሉ፣ «።»ን ስትፈልጊም አይገኙም። በዚያው በኮንትሮል እና ኤች በአንድ ጊዜ ተኪያቸው። ከድሮ ፋይል የገለበጥሽው ጥቅስ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከታየሽ ደግሞ ፎንት በመቀያየር አትድከሚ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ሀ ሁን በፈረንጅ ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ያ የፈረንጅ ፊደል ነው። ጥቅሱ አጭር ከሆነ እንደገና መተየብ ይቀላል። ለዋናው ጽሑፍ ኒያላን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን ምረጪ፤ ሦስቱም ዩኒኮድ ናቸው።

የገጽ ቁጥር ምዕራፍ አንድ ላይ ከ1 እንዲጀምር ከፈለግሽ ከምዕራፉ በፊት «ሴክሽን ብሬክ» አስገቢና ግርጌው ላይ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ»ን አጥፊ፤ ከዚያ «ፎርማት ፔጅ ነምበርስ» ውስጥ «ስታርት አት»ን 1 አድርጊ። ለማተሚያ ስትልኪ የዎርዱን ፋይል አትላኪ፣ ፒዲኤፍ አድርጊው። አማካሪሽ የዎርዱን ከጠየቀሽ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» ስር ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባ ምርጫ አለ፣ እሱን አብሪ።

ስትጨርሺ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ አጥፊና ወደ ምዕራፍ ሁለት ውረጂ። ርዕሱ ከገጹ አናት ካልተነቃነቀ ኮንትሮል እና ዜድ ብለሽ አንቀጹን መልሺውና አሳትሚ።