ከላፕቶፕ ጋር ይሠራል፣ በአዳፕተር ስታክ ያደርጋል

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በኤስቲኤም32ኤፍ4 ዲስከቨሪ ቦርድ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ በዲበገር (ኮዱ ሲሠራ ውስጡን በሚያሳየው መሣሪያ) ሳስነሳው አንድም ችግር የለበትም። በአዳፕተር ብቻ ሲነሳ ግን የኤልሲዲው መብራት ይበራል እንጂ ፊደል አይወጣበትም። ጓደኞቼ «ፓወሩ ነው» ብለውኝ አዳፕተር ቀየርኩ፣ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። የማይክሮሰከንድ ዲሌይ የምሠራው በፕሮሰሰሩ ሳይክል ቆጣሪ ነው፤ እሱንም በዲበገር ሳየው በትክክል ይቆጥራል። ምን ይሻለኛል?
ተመራቂ ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዳፕተሩን ተወው። ጥፋተኛው «በትክክል ይቆጥራል» ብለህ በነፃ ያሰናበትከው ቆጣሪ ነው።

በኮርቴክስ ኤም4፣ ማለትም በቦርድህ ፕሮሰሰር፣ ይህ ቆጣሪ ያለው ዲደብልዩቲ በሚባለው የዲበግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ፓወር ሲመጣ ዝግ ሆኖ ነው የሚነሳው። የሚከፍተው ዴምሲአር የተባለው ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የመቆጣጠሪያ ቦታ) 24ኛ ቢት ነው። አብዛኞቹ ዲበገሮች ገና ሲገናኙ፣ ሳትጠይቃቸው፣ ይህን ቢት ያበሩልሃል። ዲበገር ከሌለ ግን ቢቱም ዜሮ፣ ቆጣሪውም ዜሮ። ዲሌይህ ቆጣሪው እስኪደርስ የሚጠብቅ ዋይል ሉፕ ስለሆነ፣ ኤልሲዲውን ሊያስነሳ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ሜይን እንደጀመረ፣ ከማንኛውም ዲሌይ በፊት፣ መጀመሪያ ያንን 24ኛ ቢት 1 አድርግ፤ ቀጥሎ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ፤ ከዚያ የዲደብልዩቲ ኮንትሮል ሬጅስተር ቢት 0ን 1 አድርግ። ሦስት መስመር ኮድ ነው።

ስትሞክረው ታዲያ ሪሴት ቁልፉን ብቻ ተጭነህ «ሠራ» እንዳትለኝ። ዲበገሩ ያበራው ቢት በዚያ ቁልፍ አይጠፋም፤ ፓወር እስኪቋረጥ እንደበራ ይቆያል። ገመዱን ነቅለህ፣ እንደገና በአዳፕተር ሰክተህ ነው የምታየው። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» እያሉ ደህና ቺፕ የሚነቅሉ ሰዎች ይህችን ቢያውቁ ስንት የብየዳ ሊድ ይተርፍ ነበር።

ሌላው፣ ቆጣሪው 32 ቢት ስለሆነ በ168 ሜጋኸርዝ በየ25 ሰከንድ ተኩል ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ «መድረሻውን አልፏል ወይ» ብለህ አታወዳድር። ከአሁኑ ላይ መነሻውን ቀንሰህ ልዩነቱን ተመልከት፤ ሁለቱም ባለ 32 ቢት አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የማይይዙ) ቁጥሮች ከሆኑ መዞሩ አያስቸግርህም።

ወደ ኮርቴክስ ኤም7 ፕሮሰሰር ከተሻገርክ መቆለፊያ ሊገጥምህ ይችላል፤ እዚያ የዲደብልዩቲ ሎክ አክሰስ ሬጅስተር ላይ 3316436565 መጻፍ አለብህ። ኤም0 ላይ ይህ ቆጣሪ ጨርሶ ስለሌለ አትድከም፣ ታይመር ተጠቀም።

ኤልሲዲው ተነሳ ብለህ ግን እንዳትተወው። ፓምፕ በሚያዝ ኮድ ውስጥ ማብቂያ የሌለው ሉፕ አልወድም፤ ፓምፑ በርቶ ሳለ ስታክ ቢያደርግ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል። ኢንዲፔንደንት ዋችዶጉን (ኮዱ መቆሙን የሚጠብቀውን ታይመር) አብራው። ከዋናው ክሎክ የተለየ የራሱ ክሎክ ስላለው፣ ኮዱ ቢቆምም ቦርዱን ሪሴት ያደርግልሃል። ቦርዱ ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራህ የፓምፑን ሪሌይ ማጥፋት ይሁን።