የአባትሽን ጊታር ከማስጠገንሽ በፊት አንገቱን እዪ

እህቴ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1960ዎቹ በሆቴል ባንድ ይጫወቱበት የነበረው ባለ ባዶ ሆድ ኤሌክትሪክ ጊታር ቁም ሳጥን ላይ ተገኘ፤ ጀርባው ተከፍቷል፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ቀለሙ ተላልጧል። «ላሳድሰው ወይስ እንዲሁ ግድግዳ ላይ ልስቀለው?» ነው ያልሽው። እኔ ፒያሳ ያደግኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሁለት ጊታር በእጄ አልፏል። አንዱን አዳንኩት፣ አንዱን አበላሸሁት።

የሚወስንልሽ አንገቱ ነው። የተከፈተው ጀርባና የጠፋው ድምፅ ያስደነግጣሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ይድናሉ።

አባትሽ መቼ መጫወት እንዳቆሙ እናትሽን ጠይቂያቸው። ደርግ ሰዓት እላፊ አውጆ የማታው ሙዚቃ ሲዘጋ ያስቀመጡት ከሆነ፣ ክሩ እንደተወጠረ ወደ 50 ዓመት ቆይቶ ይሆናል። ያን ያህል ጊዜ የተጎተተ አንገት ይጎብጣል። ጊታሩን እንደሚያልም ሰው ዓይንሽ ሥር ያዢና ከራሱ በኩል ወደ ሆዱ ተመልከቺ። ጎበጥ ብቻ ካለ፣ አንገቱ ውስጥ የሚጠብቅ ብረት ካለው በቁልፍ ይቃናል። እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ከተጠማዘዘ ግን ከባድ ነው። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰለፉት ቀጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ከፍሬቱ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኪ። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ እሰየው። ብሪጁን፣ ሆዱ ላይ ክሩን የሚደግፈውን፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገሽ እንኳ ከ4 ካለፈ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ተንቀሳቅሷል። በብሎን የታሰረ ከሆነ ሥራው ይቀላል። በኮላ ከሆነ ግን በሙቀትና በእንፋሎት ተፈትቶ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና መጣበቅ አለበት። ይሄ የቤት ዕቃ አናጢ ሥራ አይደለም። ከዚህ በፊት የሠራውን ጊታር በእጅሽ ይዘሽ ካላየሽ ለማንም አትስጪ። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኘሽ ስቀዪው፤ ክብር ነው።

ክሩን ደግሞ በአንዴ እንዳታወልቂ አደራ! የእነዚህ ጊታሮች ብሪጅ ብዙ ጊዜ አልተጣበቀም፤ የያዘው የክሩ ውጥረት ብቻ ነው። ቀድመሽ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጊና ፎቶ አንሺው። ፕላስተር ለምልክት አትለጥፊ፣ አሮጌ ቀለም ይዞ ይነሳል። ቦታው ከጠፋብሽ ከላይኛው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኪ፤ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ያለውም ያንኑ ያህል ነው፣ ከዚያ በጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋል።

የድምፁ ነገር። ያዳንኩት ጊታር እንደ አንቺው ዝም ያለ ነበር። ቮሊዩሙን ከፍቼ ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ላይ ቴስተር ብይዝ ምንም አያነብም። ችግሩ እነዚህ ጊታሮች ከጀርባ ክዳን የላቸውም። ሁሉም ነገር የሚገባውና የሚወጣው በኤፍ ቅርፅ ቀዳዳው ነው። ስለዚህ ጃኩን ከመፍታቴ በፊት ረጅም የስፌት ክር አሰርኩበት። በቀዳዳው ሳወጣው ክሩ መንገዱን ይዞ ቀረ። የጃኩ ምላስ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ አንዷ ሽቦ ከብየዳዋ ለቃለች። ጠረግኩት፣ በካውያ መለስኳት፣ ክሩን ስቤ ጃኩን ወደ ቦታው አስገባሁ። ቴስተሩ 7 ኪሎ ኦም አነበበ። የዚያን ቀን ማታ ትዝታ ስመታበት እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያንቺው ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ላይ በቀጥታ ተለክቶም ምንም ካላነበበ፣ ከፀጉር የቀጠነው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ያን ማስጠቅለል ይቻላል፣ ግን ሰው መፈለግ አለ።

ጀርባው የተከፈተው በመጋጠሚያው መስመር ከሆነ አይዞሽ። በበጋ እንጨት ይደርቅና ኮላው ይለቃል። በትክክለኛ የእንጨት ኮላ ተጣብቆ፣ በማሰሪያ ታስሮ ያድራል። ኢፖክሲና ሱፐር ግሉ ግን በፍጹም! ሌላ ጊዜ መከፈት ሲያስፈልገው እንጨቱን ይዞ ነው የሚላቀቀው።

ቀለሙን አትንኪ። ያበላሸሁት ጊታር በዚህ ነው የሄደው። ጥሩ የቤት ዕቃ ይሠራል ለተባለ ሰው ሰጠሁት። አሮጌውን ፍቆ ወፍራም ቫርኒሽ ደራርቦ ቀባው። ሲመለስ እንደ መስታወት ያበራል፤ ድምፁ ግን ታፈነ። የሚንቀጠቀጠው ስስ ፊቱ ነበር፣ እሱን ነው የሸፈንነው። ዋጋውም ወረደ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ቀለም ነው። አባትሽ ክንዳቸውን ያሳረፉበት የተፋቀ ቦታ ካለ እሱ የሳቸው ነው። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ጥረጊ፣ ይበቃዋል።

ለምን እንደምትፈልጊውም አስቢ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ በትልቅ መድረክ ድምፁ ሲከፈት አምፕሊፋየሩ የሚያወጣውን መልሶ እየሳበ ይጮኻል። ለቤት፣ ለትንሽ ክለብ፣ ለቀረጻ ግን ያን ሙቀት ከሌላ ጊታር አታገኚውም።

ሦስት ፎቶ ላኪልኝ፦ አንገቱ ከሆዱ የሚገጥምበትን በጎን፣ የተከፈተውን ጀርባ፣ በቀዳዳው በስልክሽ መብራት ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት። እስከዚያ ክሩን አላልተሽ ተዪው፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አርቂው።