«ነገ ያንቺው ነው» ካሉሽ በወረቀት ይሁን

ለገጣፎ ለምትኖሪው እህቴ፣

ደብዳቤሽን ላልያዘ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አባትሽ በ1986 ዓ.ም. የጀመሩት ሳምንታዊ ጋዜጣ አላቸው። የከተማው ኪራይ አልቻል ሲል ቢሮው ወደ ቤታችሁ ሳሎን ገብቷል። አንቺ ኢኮኖሚክስ ጨርሰሽ ማስታወቂያ ትሰበስቢያለሽ፣ እርማት ታነቢያለሽ፣ ዓርብ ዓርብ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ታመሻለሽ። ደሞዝ የለሽም። «ነገ ያንቺው አይደል እንዴ?» ትባያለሽ። አሁን አንድ ባንክ ሲቀጥርሽ ቤቱ አኮረፈ። ወንድምሽም ከአሜሪካ እየደወለ «የአባባን ልፋት ገደል እንዳትከቺው» ይልሻል።

ይህቺ «ነገ ያንቺው ነው» ታናድደኛለች። የወፍጮ ቤት ልጅም፣ የብሎኬት ማምረቻ ልጅም ይዘውልኝ መጥተዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። እናትሽም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አሥር ዓመት በነፃ ብትሠሪ፣ ስልክ ብቻ የሚደውለው ወንድምሽ ካንቺ እኩል ይካፈላል። እሱን ክፉ ማለቴ አይደለም፤ ሕጉ ነው።

ደግሞስ የምትወርሺው ምንድን ነው? ንግድ ፈቃዱ በአባትሽ በግል ከሆነ የጋዜጣው ዕዳ የራሳቸው ዕዳ ነው፤ ሳሎኑንም ጭምር ሊነካ ይችላል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው በመሠረቱ ከማኅበሩ ንብረት የማያልፍ ድርጅት፣ እንዲያቋቁም ፈቅዷል። አባትሽ ከዚያ ላንቺ ድርሻ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ያኔ ማኅበሩ የሁለታችሁ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ያልተሰበሰበውን ሒሳብ እዪ። እኔ ምክር ከመጀመሬ በፊት የጋዜጣ ማስታወቂያ ክፍል ሠርቻለሁ። ጸሐፊዎቹ ስማቸው ሲወጣ እኛ ቼክ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ እንዞር ነበር። ስለዚህ ዓይኔ ቶሎ ደረሰኝ ላይ ያርፋል። አዟሪው የሚያመጣው ብር ወረቀቱንና ኅትመቱን አይሸፍንም። ጋዜጣውን የሚያኖሩት ጨረታ፣ የባንክ ሐራጅና የሥራ ማስታወቂያ ናቸው። የመንግሥት ግዢ ደግሞ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ማስታወቂያ አስነግሮ ከስድስት ወር በላይ ያልከፈለው ስንት ነው? ይህን ሳታውቂ ምንም አትወስኚ።

ከዚያ ባንኩ የሰጠሽ ቀን ሳያልፍ አባትሽን በሥርዓት አነጋግሪያቸው። ካፈርሽ የሚሰሙትን ሰው ሽማግሌ ላኪ። ወርኃዊ ደሞዝ በውል፣ ድርሻም በሰነድ ጠይቂ። እሺ ካሉ ቅሪ፤ የማስታወቂያውን ጠረጴዛ ግን ለማንም አትልቀቂ። እምቢ ካሉ ባንኩ ግቢ። ልጅ ስለሆንሽ በነፃ መሥራት ግዴታሽ አይደለም። አባትሽ ይከፋቸዋል፤ ይክፋቸው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት ጋዜጦች መካከል የእሳቸው እስከ ዛሬ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ያንን የሚያከብር ሰው ላቆየው ሰው ደሞዝ ይከፍላል።

«መጻፍ አልችልም» ላልሽው፣ አዘጋጅ ይቀጠራል። ፖለቲካው ቢያስፈራሽ አይገርመኝም፤ በምርጫ 97 ማግስት የሆነውን አባትሽ ከእኔ የተሻለ ያጫውቱሻል፣ ጠይቂያቸው።

ወንድምሽ በሚቀጥለው ሲደውል ደግሞ የዚህን ወር የማተሚያ ቤት ክፍያ እንዲልክ ንገሪው።