ኮምፒውተሩ የሚያዘው መድኃኒት፦ ጥያቄና መልስ ከሆስፒታል ፋርማሲስት ጋር

ሥራዬ የመድኃኒት ማዘዣ ሥርዓቶችን በሆስፒታል ውስጥ መዘርጋትና ከተዘረጉም በኋላ ጉድለታቸውን መልቀም ነው። ጥያቄያችሁን አቅርቡ። የትኛው ኩባንያ እንደሚሻል አልናገርም፤ የራሳችሁን ሕመም ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የታካሚ ስም የሚታይበት ምስል ማንም እንዳይለጥፍ።

ሌሊት ተረኛ፦ ክፍላችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዘዣ ሊሸጋገር ነው። በእርግጥ ስሕተት ይቀንስልናል ወይስ ሥራ ይጨምርብናል?

መልስ፦ ሁለቱንም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የቦስተን ጥናት ከባድ የመድኃኒት ስሕተት በ55 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የማይነበብ ጽሕፈት ይቀራል፤ ልኩንና የሚወሰድበትን ሰዓት ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም። በአንጻሩ በ2005 ከፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል የወጣው ጥናት የሚያስደነግጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ከገባ በኋላ ከሌላ ተቋም ተልከው የመጡ ሕፃናት የሞት መጠን ከ2.80 ወደ 6.57 በመቶ አሻቅቧል። ቀድሞ ሕፃኑ ገና በመንገድ ላይ ሳለ መድኃኒቱ ይታዘዝና ይዘጋጅ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን ደርሶ ሳይመዘገብ ምንም ማዘዝ አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ያው ሶፍትዌር ሲያትል በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሲተከል የሞት ጭማሪ አልታየም። ስለዚህ ከመሸጋገራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያልተመዘገበ ድንገተኛ ታካሚ እንዴት ይታዘዝለታል? መልስ ከሌለ አትሸጋገሩ።

አዲስ ገቢ፦ ለመካከለኛ ሆስፒታል የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ መግቢያውን ያንብቡ።

ጀማሪ ሐኪም፦ በየደቂቃው ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር ሳላነብ ነው የምዘጋው። እንደ እኔ የሚያደርግ አለ?

መልስ፦ ሁሉም ያደርገዋል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነበር የምጠብቀው፤ ታገሡኝና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በቤቱ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ይወስዳል። ክብደቱ ከ40 ኪሎ ግራም በታች ስለሆነ ሥርዓቱ ልኩን በኪሎ ግራም ክብደት እንዲሰላ ያስገድዳል። ፋርማሲስቱ ልኩ ወደ 160 ሚሊግራም፣ ማለትም ወደ አንድ ፍሬ፣ እንዲስተካከል ጠየቀ፤ ሐኪሟም 160 ብላ ጻፈች። ከቁጥሩ ጎን የቆመው አሃድ ግን ሚሊግራም አልነበረም፤ «ሚሊግራም በኪሎ ግራም» ነበር። ኮምፒውተሩ ታዛዥ ነውና በልጁ ክብደት አባዝቶ 38 ፍሬ ተኩል አዘዘ።

አሁን ያለፈባቸውን በሮች ቁጠሩ። ለሐኪሟ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ተዘጋ። ለፋርማሲስቱም መጣ፤ ተዘጋ። ሮቦቱ ፍሬዎቹን ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ ብዛታቸውን አይታ ተጠራጠረች፤ ባርኮዱን ስታነበው ግን ማሽኑ «ልክ ነው» አላት። ልክም ነበር፤ የታዘዘውና የቀረበው አንድ ነውና። ልጁ አንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹም ቆሞ ነበር፤ ቢሆንም በሕይወት ተርፏል።

ለ38 እጥፍ ስሕተት የመጣው መስኮት ለጥቃቅኑ ሁሉ ከሚመጣው መስኮት አይለይም ነበር። መድኃኒቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር በጥቂቱ ብቻ የሚጋጭ ሲሆን ሥርዓቱ ዝም እንዲል፣ ልኩ ከጣሪያ በላይ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ እንዳያሳልፍ አድርጉ። በየወሩም የትኛው ማስጠንቀቂያ ስንት ጊዜ ሳይነበብ እንደተዘጋ ሪፖርት አውጡ፤ ሁሉም ሰው የሚዘጋውን አጥፉት። ደግሜ እላለሁ፦ አሃዱ ከቁጥሩ እኩል ጎልቶ ይታይ።

ኮድ ጸሐፊ፦ በአግባቡ የተጻፈ ሶፍትዌር አይሳሳትም። ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው።

አንጋፋዋ ነርስ፦ ልጄ፣ አንተ ሌሊት ላይ ሃያ ታካሚ ይዘህ ታውቃለህ?

ኮድ ጸሐፊ፦ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ድካም የሥልጠና ጉዳይ ነው።

የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ፦ ቴራክ 25 የተባለውን የጨረር ሕክምና ማሽን አታውቅም ማለት ነው። ከ1985 እስከ 1987 ስድስት ታካሚዎች ከልክ በላይ ጨረር ተለቀቀባቸው፤ ከመንስኤዎቹ አንዱ የሶፍትዌር ስሕተት ነበር።

ኮድ ጸሐፊ፦ እሱ የአርባ ዓመት ታሪክ ነው። አሁን የፍተሻ ስልቱ ሌላ ነው።

መሐንዲስ፦ የሰው ጣት ግን ያው ነው።

መልስ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት ልል ነበር፤ ነገር ግን ቴራክን ካነሳችሁ አይቀር ዋናው አይለፋችሁ። የቀድሞው ሞዴል፣ ቴራክ 20፣ አደገኛ ጨረር እንዳይወጣ የሚያግድ ሜካኒካል መቆለፊያ ነበረው። በአዲሱ ያ ተነሥቶ ሥራው ለሶፍትዌር ብቻ ተተወ። ስሕተት ሲፈጠር በማያው ላይ የሚወጣው ደግሞ «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) የሚል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ማሽኑን ለምታሠራው ባለሙያ የነገራት የለም። ማሽኑ በትንሽ በትልቁ መቆም ልማዱ ስለነበር «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። የጀማሪው ሐኪም ጥያቄ ይኸው ነው። ኮድ ጸሐፊ፣ ሥልጠና ያልከው ይህን አይፈታውም።

ሰላም ለሁሉ፦ ቴክኖሎጂ ለጤና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። የየትኛው ክፍል፣ የየትኛው ሥራ?

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦ የታካሚው የእጅ አምባር ላይ ያለውን ባርኮድ ለማንበብ የተኛ ሰው መቀስቀስ አለብን። ስለዚህ የአምባሮቹን ቅጂ አትመን ጠረጴዛው ላይ ለጥፈናል፤ ከዚያ እናነባለን። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው! ዛሬውኑ ቅደዱት። ባርኮዱ ያለው ትክክለኛው መድኃኒት ለትክክለኛው ሰው መድረሱን አልጋው አጠገብ ለማረጋገጥ ነው። ከጠረጴዛ ላይ ስታነቡ ያረጋገጣችሁት ወረቀቱን ነው። በ2010 የታተመ ጥናት ባርኮድ በአግባቡ ሲሠራ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ከሰዓት መዛነፍ በቀር ያሉትን ስሕተቶች በ41 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቅጂ ከተለጠፈ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ስሕተቱ ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል።

እናንተን ብቻ አልወቅስም። ማንበቢያው ባትሪ አይይዝም፣ አምባሩ በውኃ ይደበዝዛል፣ ጋሪው በበሩ አያልፍም። አቋራጭ መንገድ ያየ ኃላፊ ከመቆጣቱ በፊት እነዚህን ይጠግን።

አንጋፋዋ ነርስ፦ ይህን ለኃላፊያችን አትሜ እሰጠዋለሁ።

ተማሪ፦ የመድኃኒት ስም ሲፈለግ ከዝርዝሩ የተሳሳተ መምረጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በየቀኑም ይደርሳል። ሃይድራላዚን ለደም ግፊት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክ። በላቲን ሲጻፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አምስተኛው ነው። ስለዚህ አምስት ፊደል ሳይጻፍ ዝርዝር እንዳይወጣ አድርጉ። ከስሙ ጎን ለምን እንደታዘዘም ይጻፍ፤ የማሳከክ መድኃኒት ለግፊት ታማሚ ሲመጣ ፋርማሲስቱ የሚይዘው በዚህ ነው።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ስም አይጥቀሱ። ግን የተሻለው ሶፍትዌር የትኛው ዓይነት ነው?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜዎ ነው። አሃዱን በግልጽ የሚያሳይ ዓይነት። ቀጥሉ።

ጋዜጣ አንባቢ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪምን ይተካል?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። የራጅ ባለሙያ ጠይቁ።

የመረጃ ክፍል ሠራተኛ፦ አውታረ መረቡ ቢቋረጥስ?

መልስ፦ «ቢቋረጥ» አይባልም፤ ይቋረጣል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አሰርዞ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ አዙሯል። የእያንዳንዱ ታካሚ የመድኃኒት ዝርዝር ከዋናው ሥርዓት ውጪ ባለ ኮምፒውተር ላይ በየጥቂት ሰዓቱ ይቀመጥ፤ ከአታሚም ጋር ይያያዝ። የወረቀት ቅጹም በመሳቢያ ይኑር። ሥርዓቱ ሲመለስ በወረቀት የተሰጠውን ማን እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ካልሆነ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ይሰጣል።

አስታማሚ፦ እኛ ቤተሰቦችስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ከነልካቸው ጽፋችሁ ያዙ። አለርጂ ካለ ምን እንዳደረገው ጭምር ተናገሩ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ብቻ አይበቃም። ማቅለሽለሽና የትንፋሽ መዘጋት እኩል አይደሉም፤ ኮምፒውተሩ ግን ካልነገሩት እኩል ያደርጋቸዋል።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፦ እኛ ክብደት በግራም ነው የምንመዝነው፤ ማዘዣው ግን ኪሎ ግራም ይጠይቃል። በአእምሯችን እያካፈልን እናስገባለን።

መልስ፦ አታካፍሉ! ግራም የሚቀበል ሳጥን ለክፍላችሁ ይከፈት፤ ሒሳቡን ሶፍትዌሩ ይሥራው። የዛሬው ክብደት ከትናንቱ በእጅጉ ከራቀም ማዘዣው አይለፍ፤ ሕፃኑ እንደገና ይመዘን። ጥያቄውን እስከ ሳምንት ካልፈቱላችሁ በግል ጻፉልኝ፤ ቅጹን አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ።