ከእብጠቱ በታች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ከባለ ቀለሟ አኻያዬ ቆርጬ የተከልኋቸው ሁሉ ጸደቁ፤ ቅጠላቸው ግን አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ምን አጠፋሁ?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱን ወዲያው አወቅሁት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ።

ከ30 ዓመት በፊት ኔዘርላንድ ውስጥ፣ ቦስኮፕ በሚባል የችግኝ አገር ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማሳው ጠባብና ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ የውኃ ቦይ። ይህችን አኻያ ሃኩሮ ኒሺኪ ይሏታል፤ የመጣችው ከጃፓን ነው። በጸደይ ጫፏ ሮዝ ይሆናል፤ ቅጠሏ ነጭና አረንጓዴ ይዥጎረጎራል። ብዙ ጊዜ የምትሸጠው በሌላ አኻያ ግንድ ላይ ተዳቅላ፣ ማለትም ቅርንጫፏ ከዚያ ግንድ ጋር ተጣብቆ እንዲያድግ ተደርጎ ነው።

በየካቲት፣ ቅጠል በሌለበት ወቅት፣ እንድቆርጥ ታዘዝሁ። ከግንዱ የወጡት ቅርንጫፎች ቀጥ ያሉና ለእጅ የቀረቡ ነበሩ። እርሳስ የሚያህሉትን እየመረጥሁ 300 ያህል ቆረጥሁ። ቅርፊታቸው ከላይኞቹ ይለይ ነበር፤ አይቼ አለፍሁት። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አንድ ልጅ አጠገቤ ሆኖ በየሃያ በየሃያው ያስር ነበር።

በግንቦት ማሳው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። አሠሪው ቁጢጥ ብሎ አንዱን ቅጠል በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና «እስሩን ያደባለቅኸው አንተ ነህ?» አለው ልጁን። ልጁ ቋንቋውን ገና አልያዘም። እኔ ይዣለሁ። ዝም ብዬ ጓንቴን አየሁ። በሚቀጥለው ዓመት ልጁን ለሥራ አልጠሩትም።

የዛሬ ወጣቶች ሁሉን በስልክ ታነሣላችሁ፤ ግንዱን ግን በእጃችሁ አትዳስሱትም። ብትዳስሱት የተዳቀለበት እብጠት ይገኛል፤ መቆረጥ ያለበት ከእሱ በላይ ነው። ከበታቹ የሚወጣው የሌላዋ፣ የአረንጓዴዋ አኻያ ቅርንጫፍ ስለሆነ በወጣ ቁጥር ማንሳት ነው፤ አለበለዚያ ዛፏን ይውጣታል። ሥር ማብቀያ ዱቄት አትግዙ፤ አኻያ በገዛ ግንዷ ውስጥ የሥር ጅማሬ ይዛ ነው የምትወለደው። ሮዙ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ የብርዱ ወቅት ሊያልቅ ሲል አሳጥሯት። አትቸኩሉ እላለሁ፤ ቡቃያው ሳይፈነዳ ለመቁረጥ ግን መቸኮል ግድ ነው።

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፎቶግራፍ አየሁት። ቅርንጫፎቹ የተቆረጡት ከእብጠቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። አረንጓዴዎቹን አትንቀያቸው፤ ከቤትና ከውኃ ቧንቧ ራቅ አድርገሽ፣ ርጥበት ባለበት ትከያቸው። ሲያብቡ ንብ ይመጣላቸዋል።