የስቴፕ 2 ውጤቴ ተይዞብኛል፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጠያቂያችን ኢትዮጵያ በሕክምና ተመርቃ አሜሪካ የገባች ሐኪም ናት። አሁን ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት እየሠራች ለቀዶ ጥገና (ሰርጀሪ) ሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ለማመልከት ትዘጋጃለች። ስቴፕ የምትላቸው በአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ለማግኘት በተከታታይ የሚወሰዱት ፈተናዎች ናቸው። ደብዳቤዋ በአጭሩ ይህን ይላል፦

«ስቴፕ 1ን በ2023 በመጀመሪያ ሙከራ አልፌያለሁ። ግን ቁጥር የለውም፤ አልፋለች ነው የሚለው፣ በቃ። ሰርጀሪ ለመግባት ያለኝ ተስፋ ስቴፕ 2 ሲኬ ላይ ነው። ፈተናውን ከወሰድኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ውጤትሽ በግምገማ ላይ ነው የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። የማመልከቻው ጊዜ ሴፕቴምበር ነው። መክሰስ እችላለሁ? ያለ ስቴፕ 2 ማመልከትስ? ፕሮግራሞቹ ሰውን በቁጥር ብቻ መጣላቸው ሕጋዊ ነው? የማጠናው ከጓደኞቼ ጋር በቴሌግራም ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ አሁን ከግሩፑ ወጥቻለሁ። እሑድ ማታ መልስ ልጽፍላቸው ነው።»

እህቴ፣ እሑድ ማታ ምንም አትላኪ። ሌላውን ሁሉ ባታነቢ ይህችን ያዢልኝ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልሂድና ቶሎ ልጨርሳቸው፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይሽ እነሱ ውስጥ የለም። ስቴፕ 1 ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል። በዚህ መክሰስ አይቻልም፤ ያለፍሽውን ፈተና ቁጥር ፍለጋ እንደገና መውሰድም አይፈቀድም። ፕሮግራሞች ስቴፕ 2ን ማጣሪያ ማድረጋቸው በራሱ ሕግ መጣስ አይደለም። ሕጉ የሚከለክለው በትውልድ አገር፣ በዘር፣ በጾታና በመሳሰሉት ማበላለጥን ነው፤ ሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ ቁጥር ብቻውን አድልዎ አይባልም። አምስት ዓመት የሚፈጀውን ጄኔራል ሰርጀሪ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ይጎርፍላቸዋል። ድሮ በስቴፕ 1 ያጣሩ ነበር፣ አሁን ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ዞሯል። ያለ ስቴፕ 2 ማመልከት ይቻላል፤ ግን ውጭ አገር ለተመረቀ ሰው ብዙ ፕሮግራም ፋይሉን አይከፍተውም። ማች ውስጥ፣ ማለትም አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በሚያዛምደው ሥርዓት ውስጥ፣ ለመቆየትም የምርጫ ዝርዝር ማስገቢያው ሳይዘጋ ውጭ አገር ለተመረቁ ሐኪሞች ማረጋገጫ የሚሰጠውን የኢሲኤፍኤምጂን የፈተና መስፈርት አሟልተሽ መገኘት አለብሽ። የመኖሪያ ፈቃድሽን አልነገርሽኝም። ግሪን ካርድ ከሌለሽ ጄ-1 እና ኤች-1ቢ የሚባሉት ቪዛዎች የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ለኤች-1ቢ ስቴፕ 3ም ያስፈልግሻል። እሱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሄደሽ አማክሪ።

አሁን ያልጻፍሽው ላይ ልምጣ።

ከግሩፑ የወጣሽው ለምንድን ነው? መቼስ ነው የወጣሽው፣ ኢሜይሉ ከመምጣቱ በፊት ወይስ ከመጣ በኋላ? ያ ግሩፕ ውስጥ የሚለጠፈው ምን ነበር? ዩወርልድ በሚባለው የመለማመጃ ጥያቄዎች ስብስብ ላይ መወያየት ሌላ ነው፣ ትናንት ከፈተና የወጣ ሰው በቃሉ ያስታወሰውን የሚለጥፍበት፣ እናንተ ሪኮል የምትሉት ነገር ሌላ ነው። ገንዘብስ ከፍለሻል? በዜል ወይም በካሽ አፕ ለግሩፑ ባለቤት የላክሽው አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ «ለጥንቃቄ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ምንም የሌለበት ግሩፕ ጥንቃቄ አይፈልግምና።

እየከሰስኩሽ አይደለም። መልሱንም እዚህ እንዳትጽፊልኝ። ይህ አምድ ነው፤ እኔ ጠበቃሽ አይደለሁም፣ እዚህ የምትጽፊው ነገር በጠበቃና በደንበኛ ምስጢር አይጠበቅም። ግን ጠበቃ ስትይዢ፣ በር ዘግተሽ፣ ሁሉንም ንገሪው። ሐኪም ነሽ፤ ኦፕሬሽን ሊገባ ሲል «ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» ብሎ የዋሸ ታካሚ አልጋው ላይ ምን እንደሚገጥመው ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእኛ ለጠበቆችም ሙያ ይሠራል።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ተቋማት ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አሏቸው። አንዱ የውጤት ተአማኒነት ግምገማ ነው። የሚጠይቀው «ይህ ቁጥር የዚህችን ሰው እውቀት በትክክል ያሳያል ወይ?» የሚለውን ነው። አጠፋሽ አይልሽም። ሁለተኛው የሥነ ምግባር ፋይል ነው። እሱ «ይህች ሰው ደንብ ጥሳለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተለቀቀ ጥያቄ መፈለግ፣ መቀበልና ማካፈል ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ጥፋት ከተገኘ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይጻፋል። ትራንስክሪፕቱን ደግሞ የምታመለክቺበት ፕሮግራም ሁሉ ያየዋል፣ ነገ ፈቃድ የሚሰጥሽ የስቴት የሕክምና ቦርድም ያየዋል።

ሰዉ ታዲያ ኢሜይሉን ሥራ ላይ እያለ በስልኩ ያነበዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማታ ልጆች ሲተኙ ላፕቶፑን ከፍቶ ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ ስንት ዓመት እንደደከመ፣ አገር ቤት ያሉ እናቱ እሱን እንደሚጠብቁ፣ ግሩፕ ውስጥ እንደነበረ ግን ብዙም እንዳላየ፣ ዋናዎቹ አጥፊዎች እነ እገሌ እንደሆኑ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። ይልካል። ከዚያ ይተኛል። የተጠየቀው ስለ ቁጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ማንም ሳይጠይቀው የሥነ ምግባር ፋይል በራሱ እጅ ከፈተ። ሌላው ደግሞ ፈርቶ «ምንም ግሩፕ አላውቅም» ይላል፣ ስሙ ያለበት ስክሪንሾት የሌላ ሰው ስልክ ላይ ተቀምጦ። ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ግሩፑ በሌላ መንገድ ሊያልፍ ይችል ነበር፣ ውሸቱ ግን አያልፍም። ከዓመታት በኋላ የፈቃድ ማመልከቻ ላይ በመሐላ ስትጠየቂ ያ ኢሜይል ይመጣል። የምልሽ ዋሺ አይደለም፣ በፍጹም። የምልሽ የተጠየቅሽውን ሳታውቂ አትመልሺ ነው። ኢሜይሉ የትኛው ፋይል እንደሆነ ይናገራል፤ አንቺ ደግሞ ቃሉን አልላክሽልኝም፣ «በግምገማ ላይ ነው» ብለሽ አለፍሽው። የመልስ ቀነ ገደብ ካለው እሱም እዚያው ተጽፏል። ቀኑ አጭር ከሆነ ጠበቃሽ ጊዜ እንዲጨመር በጽሑፍ ይጠይቅልሽ።

ሌላው ስህተት የሠራሽው ነው፤ ከግሩፑ መውጣትሽ። ከግል የቴሌግራም ግሩፕ ስትወጪ የተጻፈው ሁሉ ከእጅሽ ይሄዳል። ያው ጽሑፍ እኮ ሊከላከልልሽ ይችል ነበር፤ ማን ምን እንደለጠፈ፣ አንቺ ያኔ ገና መግባት አለመግባትሽ፣ «ይሄ ልክ አይደለም» ብለሽ ከሆነም። ደግሞ ልክሰስ እያልሽ እየጠየቅሽኝ ነው። ክስ ያሰበ ሰው ማስረጃ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሆን ብሎ ያጠፋ እንደሆነ ፌዴራል ፍርድ ቤት የጠፋው ነገር አንቺን የሚጎዳ ነበር ብሎ ሊገምት ይችላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ አንድ መልእክት አታጥፊ፣ ስልክ አትቀይሪ፣ ጠበቃ ሳታማክሪ ወደ ግሩፑም አትመለሺ። ጓደኞችሽ ጋ ደውለሽ «ምን እንበል?» እንዳትይ። ነገ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለ ክሱ እውነቱን ልንገርሽ። በ2024 መጀመሪያ ከኔፓል ጋር የተያያዙ የብዙ ተፈታኞች ውጤት ተሰረዘ። የተወሰኑት በትውልድ አገራችን ተለይተን ተጠቃን ብለው ዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ ውጤታችን ለጊዜው ይመለስ ሲሉም ጠየቁ። ዳኛው ጊዜያዊውን ትእዛዝ አልሰጡም። የሰርጀሪ ማመልከቻ ደግሞ ዳኛ አይጠብቅም። አንድ ሌላ ጉዳይ ግን ልብ በይ። በ1995 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የኮሌጅ መግቢያውን ኤስኤቲ የተፈተነን፣ ነጥቡ በ410 የጨመረ ተማሪ ጉዳይ አይቶ ነበር። ፈታኙ ተቋም ተማሪው ያቀረበውን ማስረጃ በቅን ልቦና አላየም ብሎ ፈረደ፤ ውጤቱ ይለቀቅ ግን አላለም፣ ማስረጃውን በደንብ እይ ነው ያለው። ልጁን እዚያ ያደረሰው በእጁ የነበረው ሰነድ ነው።

ያንቺንም ሰነድ ዛሬ ማታ መሰብሰብ ጀምሪ። መልስ የምትጽፊበትን ጊዜ ለዚህ አውዪው። የዩወርልድ ታሪክሽ ከነቀኑና ከነፐርሰንቱ፣ የራስ መለማመጃ ፈተናዎች ውጤት በተከታታይ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የጥናት ማስታወሻ ደብተርሽ በእጅ የተጻፈው ሳይቀር፣ ሥራ ላይ የሰዓት መዝገብሽ፣ የስቴፕ 1 ሪፖርት። ለፈተናው ስትመዘገቢ የተስማማሽበትን የደንብ መጽሐፍም አውርጂና ለጠበቃው ስጪ፣ ውጤት የመያዝ መብታቸው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ፕሮግራሞች ስለ ስቴፕ 2 ከጠየቁሽ ውጤቱ ገና አልወጣም በይ፤ እውነት ነው። የሚመጣውን ቁጥር ገምተሽ የግል መግለጫሽ ላይ እንዳትጽፊ።

ጠበቃ ስትመርጪ የትራፊክ ወይም የፍቺ ጉዳይ የያዘልሽ ሰው ጋ አትሂጂ። የፈተናና የሕክምና ፈቃድ ጉዳይ የያዘ ፈልጊ፤ በሜሪላንድም በዲሲም አሉ። ኢሜይሉን ሳትቆርጪ፣ ላኪውና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ አትሚና ይዘሽ ሂጂ። ሰኞ ጠዋት ደውዪ።